የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጻሕፍት በሁርሊንግሃም ሰፈር

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ እንግሊዛዊ ነው፤ ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀረ መሆኑን ለመናገር ብዙ ምርምር አያስፈልገውም። ሰፈሩን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ ግን ዛሬ የሚጠራው በኬንያዊው የሕግ ሊቅና ሚኒስትር በአርግዊንግስ ኮዴክ ስም ነው፤ እኒህ ሰው በ1969 እ.ኤ.አ. ሕይወታቸው ያለፈው በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ እንጀራና ወጥ የሚቀርብባቸው የሀገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፤ በሰንበት ከሰዓት በኋላም ከአንዳንዱ ግቢ የሚቆላ ቡና ሽታ ይወጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች፣ ገሚሱ ለንግድ፣ ገሚሱ ለሥራ፣ ገሚሱም በስደት መጥተው፣ በዚህና በአካባቢው ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ።

ከእነዚህ ቤተ ሰቦች በአንደኛው ዘንድ ተጋብዘን በነበረበት ሰንበት ያየነውን ነገር ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን። ነገሩ የጀመረው ከአንድ የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነው የቤቱ የበኵር ልጅ፣ በመካከለኛው ዘመን ከኖሩት ክርስቲያን ሊቃውንትና ፈላስፎች የአንዱን ሕይወትና የድርሰቶቹን ዝርዝር ጽፎ እንዲያቀርብ መምህሩ አዞታል። ከክፍል ጓደኞቹ የሚበዙት ቶማስ አኲናስን መርጠዋል። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ በናይሮቢ በቶማስ ስም የተሰየመ የካህናት ማሠልጠኛ እንኳ አለ። ልጁም እንደ ጓደኞቹ ቶማስን ሊጽፍ ተቀምጦ ሳለ፣ ከወሎ መጥተው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት አያቱ ምን እንደሚሠራ ጠየቁት።

«የጥንት ሊቅ ፈልግ ተባልሁ፣ እማማ» አላቸው።

«ታዲያ አባ ጊዮርጊስ ምን ሆነና ነው የሰው ሀገር የምትዞረው?» አሉት።

ልጁ ስሙን ሰምቶ አያውቅም ነበር። አባትዬውም ስሙን ቢያውቁትም፣ «እናቴ፣ ይኼ እኮ ማርክ የሚሰጥበት ነው፤ መጽሐፉ በቀላሉ የሚገኝለትን ይጻፍ» ሲሉ ተከራከሩ። እኛም የእንግድነት ወጋችንን ረስተን በክርክሩ ገባንበት፤ ከአያቲቱም ወገን ሆንን።

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ ወይም በትውልድ ቦታው ሲጠራ ጊዮርጊስ ሰግላዊ፣ በ1357 ዓ.ም. ገደማ በዛሬው ደቡብ ወሎ ተወለደ። ቶማስ አኲናስ በ1274 እ.ኤ.አ. ከሞተ ዘጠና ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥት የሚያገለግል ካህን ነበር። ልጁን ለትምህርት የሰጠው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ይህም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያደራጀው፣ በዚያ ዘመን ከሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስመ ጥሩ የነበረው ገዳም ነው።

ታዲያ ገድሉ የሚነግረን የመጀመሪያ ነገር ጊዮርጊስ ትምህርት የማይገባው ልጅ እንደ ነበረ ነው። ሰባት ዓመት ያህል ተቀምጦ ፊደል እንኳ መለየት ተሳነው። አባቱ ሊወስደው ቢመጣ፣ «ለእግዚአብሔር ሰጥተኸኛልና አልመለስም» አለና እዚያው ቀረ፤ ለመነኮሳቱም እህል እየፈጨ ያገለግል ጀመር። ሌሊት ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅስ ነበር። እንደ ገድሉ ቃል፣ አንድ ሌሊት እመቤታችን ተገልጣ የጥበብን ጽዋ አጠጣችው፤ ከዚያም በኋላ የሰማው ሁሉ የማይጠፋበት ሆነ።

አያቲቱ ይህን ሲተርኩ እኛ ያልጠበቅነው ቦታ ላይ ቆሙ። ጽዋው ላይ አልቆዩም፤ ወፍጮው ላይ ቆዩ። «ወንድ ሆኖ፣ ያውም የካህን ልጅ ሆኖ ነው የፈጨው። እኔ በልጅነቴ ፈጭቻለሁ፤ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥተሽ ጉልበትሽ እስኪነቃ ነው» አሉ ወደ ምራታቸው ዘወር ብለው። ልጁ ግን ወፍጮ ሲባል በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መስሎት ኖሮ፣ «ታዲያ እሱ ምን ይከብዳል?» አለ። አያቲቱ ከወንበራቸው ወርደው በምንጣፉ ላይ ተንበረከኩና መጁን እንደ ያዙ አድርገው በሁለት እጃቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፉ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳሱን አነሣ።

በዚህ ላይ እኛ አንድ ነገር ጨመርንለት። ጓደኞቹ የመረጡት ቶማስም በተማሪነቱ ዝምተኛና ግዙፍ ስለ ነበረ ጓዶቹ «ዲዳው በሬ» ይሉት ነበር፤ መምህሩ አልበርት ግን የዚህ በሬ ድምፅ አንድ ቀን በዓለም ሁሉ ይሰማል ብሎ እንደ ተናገረለት ይተረካል። ሁለቱ ሊቃውንት፣ አንዱ በሐይቅ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ፣ ደነዝ ተብለው መጀመራቸው ልጁን ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኘው። በሂሳብ ትምህርት እንደሚቸገር እናቱ በጆሯችን ሹክ ብለውን ነበር።

ወደ ጊዮርጊስ እንመለስ። አድጎ ሊቅ ከሆነ በኋላ ከ1374 እስከ 1406 ዓ.ም. ገደማ በነገሡት በዐፄ ዳዊት ቤተ መንግሥት ከበሬታን አገኘ፤ የንጉሡንም ልጆች እንዳስተማረ ይነገራል። ነገር ግን የቤተ መንግሥት ከበሬታ እሾህ አለበት። ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ነገር፣ በተለይም ስለ ሥላሴ፣ ተከራከረ፤ በክርክሩም ቢረታ ቂም ተረፈው። ገድሉ እንደሚተርከው በዚህ ሰበብ በንጉሡ ፊት ተከሶ ታሰረ፤ የተፈታውም ንጉሡ ካረፉ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሌላም ከባድ ክርክር ነበር፤ ይኸውም ቅዳሜን እንደ እሑድ ማክበር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች በዚህ ሰበብ ብዙ መከራ ተቀብለዋል። ጊዮርጊስ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ከሚሉት ወገን ነበር፤ ይህም ካሳደገው ከሐይቅ ገዳም አለቆች አሳብ ጋር የማይስማማ ነበር። ጉዳዩ በጉባኤ የተቈረጠው እርሱ ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በጸጥታ ተቀምጦ የጻፈ ሰው እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

ድርሰቶቹን ስንቈጥር ልጁ በመስመር እየጻፈ ተከተለን። በቅድሚያ የሚጠራው ሰዓታት ነው። ከእርሱ በፊት ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን የመጣ የሰዓታት ጸሎት ነበር፤ አባ ጊዮርጊስ ግን የኢትዮጵያን ሌሊት የሚመስል፣ ዜማና ልመና የሞላበት አዲስ ሥርዓት አዘጋጀ። ዛሬም በየአጥቢያው ሰዓታት የሚቆመው በእርሱ ድርሰት ነው። እንግዲህ ገበሬው በሌሊት ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያን ሲደርስ የሚሰማው የአንድ የመካከለኛ ዘመን ሊቅ ድርሰት ነው ማለት ነው፤ ስሙን ግን ላያውቅ ይችላል። ይህን ስንናገር አያቲቱ፣ «እኔም የእሱ መሆኑን ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ቃሉን ግን በጀርባዬ ታዝዬ ሳለሁ ነው የሰማሁት» አሉን። ታዝለው ሳሉ ማለታቸው ነው፤ ስሕተታቸውን ማንም አላረመም።

ሁለተኛው አርጋኖን ነው። አርጋኖነ ውዳሴ፣ መሰንቆ መዝሙር፣ እንዚራ ስብሐት በሚሉ ሦስት የዜማ ዕቃ ስሞች ይጠራል፤ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለይ የእመቤታችን ውዳሴ ነው። በስዊድን ሀገር በጎተንበርግ ጶንጡስ ሌአንደር የተባለ ሊቅ በ1922 እ.ኤ.አ. የግእዙን ጽሑፍ አሳትሞታል። ጌጡ ከፀሐይና ከጤዛ፣ ከዕንቍና ከአበባ የተወሰደ ስለሆነ፣ የነገረ መለኮት መጽሐፍ ሲባል ደረቅ ነገር ለሚመስለው ሰው ጥሩ መልስ ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ መጽሐፈ ምሥጢር ነው። ይህን የፈጸመው በ1416 ዓ.ም. በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ከዕረፍቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። መጽሐፉ በሠላሳ ክፍል የተደራጀ ሲሆን፣ በሰባልዮስ፣ በአርዮስ፣ በንስጥሮስና በሌሎችም የጥንት መናፍቃን ትምህርት ላይ የተጻፈ መልስ ነው፤ ቢቱም በውስጡ አልተረሳም። እያንዳንዱ ክፍል በበዓል ቀን በጉባኤ እንዲነበብ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ደራሲው በመጀመሪያ ተቃዋሚው የሚለውን ያስቀምጣል፤ ከዚያ የመጻሕፍትን ምስክርነት እየደረደረ ያፈርሰዋል። ቶማስ አኲናስም «ሱማ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ የተቃዋሚን አሳብ አስቀድሞ ነው የሚጀምር። ይሁን እንጂ መንገዳቸው አንድ አይደለም። ቶማስ እንደ ዳኛ ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጊዮርጊስ ግን ሲከራከር ይቈጣል፤ ይዘምራል፤ አንዳንድ ጊዜም ክርክሩን ትቶ ወደ ጸሎት ይገባል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለመፍረድ አልተቀመጥንም፤ ነገር ግን እኛ የሚጥመን የጊዮርጊስ ቍጣ መሆኑን አንሰውርም።

ከእነዚህ ሌላ ፍካሬ ሃይማኖትና ውዳሴ መስቀል አሉ፤ ሌሎችም በስሙ የሚጠሩ ድርሰቶች አሉ።

«ፈላስፋ ነው ወይስ ካህን?» ሲል ልጁ ጠየቀን። መምህሩ «ፈላስፋ» የሚለውን ቃል ከቤት ሥራው ርእስ ላይ ጽፎታልና ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠራው የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ነው፤ ይህ ግን ከመካከለኛው ዘመን የመጣ አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ተጻፈ የሚባል ነው። ከዚህም በላይ በ19ኛው መቶ ዓመት ያገኘው ጣልያናዊ መነኵሴ ራሱ ጻፈው እንጂ የኢትዮጵያዊ አይደለም የሚል ክርክር ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተነሥቶ እስከ ዛሬ አላበቃም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ተከታታይ መጻሕፍት ሲያሳትሙ ይህን ሐተታና ከውጭ ቋንቋ ወደ ግእዝ የተመለሱትን የጥበብ መጻሕፍት ነው አብዝተው የመረመሩት። እዚህ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ኦዴራ ኦሩካ ፍልስፍና ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በመንደር ከሚኖሩ አዋቂ ሽማግሌዎች አንደበት እንደሚገኝ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ተከራክረዋል። በእኛ በኩል ለልጁ የመለስንለት እንዲህ የሚል ነው፤ ቶማስን ፈላስፋ ካሰኘው፣ ስለ አካልና ስለ ባሕርይ፣ ስለ አንድነትና ስለ ሦስትነት ቃልን ከቃል እየለዩ መመራመር ጊዮርጊስንም የማያሰኝበት ምክንያት የለም። ይህን ስንል ከእኛ የበለጡ ሊቃውንት የተለየ አሳብ ሊኖራቸው እንደሚችል እናምናለን።

ልጁ ጽሑፉን አቀረበ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና በዚያ ቤት ስንገኝ ወረቀቱ ተመልሶ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። አያቲቱ በቀይ ቀለም የተጻፈውን እያመለከቱ፣ «ምን ብሎት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መምህሩ ጽሑፉን አመስግኖ ሁለት ነገር ጽፎበታል። አንደኛው ጥያቄ ነው፤ እነዚህ ድርሰቶች የዚህ ሰው መሆናቸውን በምን ታውቃለህ? ሁለተኛው አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ የተደረገ የስሕተት ምልክት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ አባትዬውን አስቈጣቸው። «ቶማስን ቢጽፍ ኖሮ ይህን ማን ይጠይቀው ነበር?» አሉ። እኛ ግን ጥያቄው የሚያስከፋ ሆኖ አላገኘነውም፤ ለቶማስም ቢሆን ተጠይቋል። ሊቀ ጳጳሱ ሊዮን 13ኛ የቶማስ ድርሰቶች ሁሉ ከጥንት የብራና ጽሑፎች ጋር ተመሳክረው እንዲታተሙ በ1879 እ.ኤ.አ. አሳስበው፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1882 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህ ሥራ፣ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሀብትና ብዙ ሊቃውንት እያሉለት፣ ዛሬም አልተፈጸመም። በስሙ ከሚጠሩት ድርሰቶች የእርሱ የሆነውንና ያልሆነውን መለየትም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

የጊዮርጊስ ነገር የባሰ ነው። የሀገራችን ደራስያን ስማቸውን መጻፍ እንደ ትዕቢት የሚቈጥሩ ነበሩ፤ ገድሉም የተጻፈው ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከደከሙት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ የፊልሙም ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በዚያ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ዘመን ሲሠሩ፣ ፍካሬ ሃይማኖትን በ1981 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ካልታተሙ ሁለት የተአምረ ማርያም ክፍሎች ተነሥተው የአባ ጊዮርጊስን ድርሰቶች ዝርዝር መረመሩ። እኒህ ሊቅ በ2021 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። ገድሉን ጄራር ኮላ በ1987 እ.ኤ.አ.፣ መጽሐፈ ምሥጢርን ደግሞ ፕሮፌሰር ያዕቆብ በየነ ከጣልያንኛ ትርጕም ጋር ከ1990 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በሉቫን አሳትመዋቸዋል።

እንግዲህ የአንድ ሰው ድርሰት አንዱ በጎተንበርግ፣ አንዱ በሉቫን፣ አንዱ በማይክሮፊልም፣ አንዱም በየሌሊቱ በካህናት አንደበት ላይ ይገኛል። ተሰብስቦ በአንድ መደርደሪያ ላይ በተራ ቍጥር የቆመበትን ቦታ እኛ አላየንም። ልጁ ለመምህሩ ሊመልስ የሚችለው እስከዚህ ነው፤ መጽሐፈ ምሥጢር ያለ ጥርጥር የእርሱ ነው፤ ሰዓታትና አርጋኖን በቤተ ክርስቲያን ትውፊትና በብራናዎች ምስክርነት የእርሱ ናቸው፤ የቀሩትን ግን ሊቃውንት ገና እየመረመሯቸው ነው። «‹ገና እየተመረመረ ነው› ብዬ ልጻፍ? አያፍሩብኝም?» አለን። ጻፍ አልነው።

አያቲቱ ግን በክርክሩ አልተደነቁም። «እኔ በልጅነቴ ሐይቅ ድረስ ሄጃለሁ፤ ሴት ስለማታልፍ ከዳር ሆኜ ገዳሙን አየሁት። ጊዮርጊስ እዚያ ፈጨ ተባልሁ፤ በቃኝ» አሉ። ከዚያም ልጁ በስልኩ እንዲቀዳቸው ፈቅደው፣ ከሰዓታት የሚያስታውሱትን በቀጭን ድምፅ አዜሙለት። መኻል ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋባቸውና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጁ ቀረጻውን ለመምህሩ እንደ ማስረጃ ሊሰጥ አስቦ ኖሮ፣ እናቱ፣ «ኧረ ተው፣ ጸሎት እኮ ነው!» ብለው ከለከሉት፤ አያቲቱ ግን፣ «ይስማ፣ ምን አለበት» አሉ።

የስሕተት ምልክት የተደረገበት ዓመት የቀረ ነበር። ልጁ መጽሐፈ ምሥጢር በ1416 ተፈጸመ ብሎ ጽፏል፤ መምህሩ ያገኘው መጽሐፍ ደግሞ 1424 ይላል። ልጁ እንደ ተሳሳተ አምኖ ሊደልዘው ሲል አባትዬው እጁን ያዙት። በልዩነቱ ምክንያት ላይ እያሰቡ ትንሽ ዝም አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ሲስቁ አየናቸው። ልጁም ከቍጥሩ አጠገብ «እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር» የሚል ጨመረና ስምንቱን ዓመት ለመምህሩ የሚያስረዳ ሦስት መስመር በኅዳጉ ላይ ይጽፍ ጀመር።